አይበገሬዎቹን የሚሸፍን ስም

ከፈይ ቂመኛ ጨርቅ ነው። ሌላው ጨርቅ ጥልፉ ተተርትሮ ሲያልቅ እንፋሎት ካገኘና ካውያ ካረፈበት የሆነውን ሁሉ ይረሳል። ከፈይ አይረሳም። ክር የተኛበት ቦታ ጠጉሩ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ዙሪያው በመብራትና በላብ እየደበዘዘ ሲሄድ ከክሩ ሥር የተሸሸገው ግን እንደተገዛበት ቀን ደማቅ ሆኖ ይቆያል። ክሩን ነቅለው ሲጨርሱ ፊደሉን እዚያው ቁጭ ብሎ ያገኙታል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን የተማረችው ከአክስቷ ነው። አክስቷ በከፈይ የሚቀልድ እጅ በእንጨት ማስመሪያ ካልተመታ አይገራም ብላ የምታምን ቁጡ ሴት ነበረች፤ እጁም ተገራ። በሰፈሩ «የእሷ ጥልፍ ውስጡም እንደ ላዩ ነው» ይሏታል። ሲያመሰግኗት ግን አትወድም። «ሥራ ነው» ትልና መርፌዋን በከንፈሮቿ መሃል ትይዛለች። መርፌ አፏ ውስጥ ካለ ወሬው አለቀ ማለት ነው።

ባሏ ሳክስፎን ነፊ ነው። «ነበር» ማለት ይቀል ነበር፤ ግን በእሷ ፊት «ነበር» የሚል ሰው ወዮለት። በወጣትነቱ አንድ ድግስ ላይ መብራት ጠፍቶ ጓደኞቹ መሣሪያቸውን ሲሰበስቡ፣ እሱ ብቻውን በጨለማ መንፋቱን ቀጠለ። ሰዉም በጨለማ ሲጨፍር ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አይበገሬ» አሉት፤ ስሙንም ወደደው። የራሱን ባንድ ሲያቋቁም «አይበገሬዎቹ» ብሎ ሲሰይመው ማንንም አላማከረም። ማማከር ድሮም አልፈጠረበትም። ሊያገባት መሆኑን እንኳ ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማችው ሙሽሪት ራሷ ናት እያለ ድራመሩ ይቀልዳል። ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የባንዱን ኮቶች የሰፋችው እሷ ናት። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፈይ፣ ጀርባው ላይ በወርቃማ ክር ከትከሻ እስከ ትከሻ «አይበገሬዎቹ»። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። አይበገሬዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ጀርባቸውን ለታዳሚው ሰጥተው ይቆሙ ነበር። መብራቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በስሙ ላይ ነው። ሕዝቡ ስሙን በአንድ ድምፅ ያነበዋል፣ ድራመሩ በዱላዎቹ ቆጥሮ ያስጀምራል፣ ሁሉም እኩል ዞረው ይለቁታል። ልብስ ሰፊዋ ስለ ሙዚቃ ብትጠየቅ እውነቱን ነው የምትናገረው፤ ብዙም አይገባትም። ያቺ ከመዞራቸው በፊት ያለችው ጊዜ ግን የእሷ ናት። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክሩ የት እንደላላ፣ የማን ትከሻ እንደሰፋ ታያለች፤ ከዞሩ በኋላ ያለውን ለሌሎች ትተወዋለች።

አይበገሬ የወደቀው መድረክ ላይ አይደለም። እንደዚያ ቢሆን እሱም ባልከፋው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነው የወደቀው። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ አፉ ተጣመመ፣ ምላሱ ታሰረ። ከሆስፒታል ሲመለስ ከቃላት ሁሉ የተረፈችው አንዲት ናት፤ «እሺ»። ውሃ ሲጠማው እሺ ይላል። ትራሱ ሲቆረቁረው እሺ። ሲያለቅስም እሺ። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ። ሐኪሙ «ይሰማል፤ ምን ያህል እንደሚገባው ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም» ብሎ አሰናበታቸው። እሷ ግን ቀስ በቀስ እሺዎቹን መለየት ለመደች፤ የውሃዋ አጭር ናት፣ የሕመሟ በአፍንጫ ትወጣለች፣ የጥያቄዋ ወደ ላይ ትነሣለች።

ባንዱ ያለ እሱ ሊሠራ ሞከረ። በሁለት ሰው ፈንታ የሚጫወተው ጊታሪስቱ ነበር፤ የአይበገሬ ታናሽ ወንድም፣ የእሷ ዋርሳ። በመጀመሪያው ምሽት ስሙ በመብራት ሲነበብ አንዱ ሰካራም ከኋላ ተነሥቶ «አይበገሬው ተበገረ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። በሚቀጥለውም ጊዜ ሌላ ሰው ያንኑ ደገመው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው አይበገሬ ይህን አልሰማም፤ እሷ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበረችና ሰማች። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ጊታሪስቱን ጠርቶ ቁርጡን ነገረው፤ ወይ ሰውየውን አምጡ፣ ወይ ስሙን ቀይሩ።

ዋርሳዋና ድራመሩ ሲመጡ መሽቶ ነበር። በመጡ ቁጥር የምታደርገው አላት፤ አልጋውን ከፊት ክፍሉ የሚለየውን መጋረጃ ገለጥ ታደርግና «ተነሥ፣ የማታ እንግዶችህ መጥተዋል» ትለዋለች። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ ይላል። የዚያን ቀንም በራ አለ። ዋርሳዋ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ሲያሽ ቆየ።

«ጋሼ፣ ባንዱን በአዲስ ስም ልናቋቁመው ነው። ካለዚያ አያሠሩንም። ትፈቅድልናለህ?»

«እሺ» አለ አይበገሬ።

ድራመሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ዋርሳዋ የወንድሙን እጅ ስሞ ተነሣ። በር ላይ ስትሸኛቸው ግን ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተቆጣቻቸው።

«ለዚች እሺ ነው ሁለታችሁም ተያይዛችሁ የመጣችሁት? ጠዋት መድኃኒት ስሰጠው ‹ላንቅህ ወይ?› ብለው እኮ እሺ ነው የሚለኝ!»

«እና ምን እናድርግ እትዬ?» አለ ዋርሳዋ። ዓይኑ ቀላ። «አንቺው ንገሪኝ። ተሸክሜው መድረክ ላይ ላውጣው?»

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ሁሉም ልጆች አሏቸው፤ ከሙዚቃ ሌላ ሙያ የላቸውም። ኮት በአዲስ ለማሰፋት አቅሙም ጨርቁም አልነበረም፤ ስለዚህ ስሙን ከጀርባቸው የምትተረትረው እሷ ናት፣ አዲሱን የምትጠልፈውም እሷ። እንቢ ብትል ሌላ ዘንድ ይወስዱታል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ያንን ከፈይ ያበላሸዋል።

«እሠራለሁ» አለች። «ግን እሱ አያውቅም። እስትንፋሱ እስካለች ድረስ ስሙ ጀርባችሁ ላይ እንዳለ ነው የሚያስበው። አንዳችሁ ፊቱ አዲስ ስም ብትጠሩ መቀሴን ነው የማነሣው።»

ስም ለመምረጥ የተሰበሰቡት በእሷው የፊት ክፍል ነው፤ ኮቶቹ እዚያ ስለነበሩ። ድምፃዊቷም መጥታለች፤ ጉንፋን ይዟት አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ። በመጋረጃው ማዶ አይበገሬ እንቅልፍ ላይ ነው፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። አንዱን ኮት ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፍታ አስተኝታዋለች።

ድራመሩ ጀመረ። «እኔ የመጣልኝ ‹ፍም› ነው። አጭር፣ የሚያቃጥል።»

ሁሉም ወደዱት። ድምፃዊቷ አጨበጨበች፤ ወዲያው ግን ትዝ ብሏት እጇን ሰበሰበች። በእውነትም ጥሩ ስም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጥልፉ ላይ ዘረጋችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ሁለት ፊደል ሰባት ፊደል አይሸፍንም። ከቀኝና ከግራ አሮጌው ይታያል። ከፈይ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ያወራል።»

«ፊደሉን ብታተልቂውስ?»

«የኳስ ተጫዋች ቁጥር ይመስላል።»

ዋርሳዋ «ንጋት» አለ፤ አነሰ። ድምፃዊቷ «ጎህ» አለች፤ ያውም ባሰበት። አንድ ሁለት ደህና ደህና ስሞች በሜትሩ ሥር አለቁ። ድራመሩ ተበሳጭቶ «ኧረ ስምን መልአክ ያወጣዋል ነበር የሚባለው!» አለ።

«የእናንተንስ ጨርቁ ነው የሚያወጣው» አለች።

«እንግዲያውስ ‹እንደምን አመሻችሁ ውድ ታዳሚዎቻችን› እንበለው። እጅጌው ድረስ ይሸፍናል።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ አፏ ላይ እያለ ግን ማን ላይ እንደምትስቅ ትዝ አላትና ደነገጠች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። በአይበገሬ ቦታ የሚነፋው አዲሱ ሳክስፎን ነፊ ነበር፤ ቀጭን ሰው፣ አይበገሬ ራሱ ያስተማረው፣ ከመጣ ጀምሮ ቀና ብሎ ማንንም የማያይ። መንኳኳቱ አይበገሬን ቀሰቀሰው። ከመጋረጃው ማዶ ወደ ላይ የምትነሣዋ እሺ መጣች፤ ማነው ማለቱ ነው። እሷም እንደ ልማዷ ሳታስብ መለሰችለት።

«የማታ እንግዶች ናቸው!»

ድራመሩ በጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ መታ፣ መታ፣ ከዚያ በትንፋሹ ብቻ «የማታ እንግዶች» አለ። እርስ በርስ ተያዩ። ሙዚቀኞች ነገር ሲስማማቸው ቃል አያባክኑም። ሁሉም ወደ እሷ ሜትር ዞሩ።

ለካች። የአዲሱ ስም ዳርና ዳር ከአሮጌው በሁለቱም በኩል ያልፋል። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለችው ክፍተት «በ» ላይ ታርፋለች፤ እሷ ላይ አንዲት ኮከብ ቢጣልባት ያበቃል። ፊደሎቹ ወፈር ብለው ቢጠለፉ ከሥር ምንም አይወጣም። አይሸፍንም ብላ ብትዋሽ ማንም አያውቅባትም። በልቧም አሰበችው። ይህን ስም ጠልታዋለች፤ ከአፏ የወጣ ስለሆነ ይበልጥ ጠላችው። ባሏን ለማስደሰት እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትላት ቃል ዞራ መሰረዣው ልትሆን ነው። ነገር ግን ሜትር ይዛ መዋሸት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አልተማረችም።

«ይሸፍናል» አለች። መርፌዋንም አፏ ውስጥ ከተተች።

ሥራውን በፊት ክፍሉ፣ መጋረጃውን ዘግታ ጀመረች። ምላጭ በሁለት ጣት ይዞ ክሩን ከሥሩ መቁረጥ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ማውጣት። አይበገሬ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ይህም ጠቀማት። ድንገት ኮቶቹን ቢያይ ባንዱ ዕረፍት ላይ ስለሆነ እያጠብኩላቸው ነው ልትለው አዘጋጅታለች። ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሯል። ስትሰፋ መኪናው ይንጣጣል፣ ስትጠልፍ ወንበሯ ይንቋቋል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እያለ ምንም ካልተሰማ እየተረተረች ነው። ጆሮው ደህና መሆኑን ሐኪሙ ነግሯት ነበር።

የሁሉንም ተረተረች፤ የአንዱን ብቻ አስቀረች። የባሏን ኮት። ሲጠይቋት «ብል በልቶታል» አለቻቸው። አልበላውም። በነጭ አንሶላ ጠቅልላ፣ ካልሲና አዲስ ሸሚዝ ጨምራ፣ ብል እንዳይቀርበው መድኃኒት በትና ቁም ሣጥኑ ታች አኑራዋለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሷ ግን ይህ ስም ከባለቤቱ ጋር አብሮ እንዲቀበር ነበር ያሰበችው። ማንም ያልተረተረው፣ ማንም ያልደረበበት፣ አንድ ኮት ከእሱ ጋር ይሂድ። ይህን ስታስብ ትጽናና ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነውም ይኸው መጽናናቷ ነው።

ለአዲሱ ሳክስፎን ነፊ ግን ኮት አልነበረም። ተመሳሳይ ከፈይ እፈልግለታለሁ ብላ ጎረቤቷን «ብቅ እያልሽ እዪልኝ» አለቻትና ወጣች። ጨርቅ ሻጮቹን ሁሉ አዳረሰች። አንዱ የሚቀላ፣ አንዱ የሚጠቁር አወጣላት፤ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናሙናዋን በጣቱ ሲያሽ ቆይቶ «ይህ ቀረ እኮ፣ እህቴ» አለና መለሰላት። ባዶ እጇን ተመለሰች።

አልጋው ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ መሬት ለመሬት እስከ ቁም ሣጥኑ ተጎትቷል። አይበገሬ ወለሉ ላይ ጀርባውን ለሣጥኑ በር ሰጥቶ ተቀምጧል፤ አንሶላው ተፈትቶ ካልሲውና ሸሚዙ በጎኑ ተዘርግተዋል፣ ኮቱ ጭኑ ላይ ነው። የኮቱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይዟል፤ ዱሮ የሳክስፎኑን አፍ በሚነክስበት በዚያው ጥርስ። በግራ እጁ ምላጯን ይዞ ስሙን እየተረተረ ነው። አራት ፊደል አውርዷል። ጣቶቹ ተቆራርጠዋል፤ ደሙ በዚያ ቀለም ላይ አይለይም፣ ወለሉ ላይ ባይንጠባጠብ እሷም ባላየችው።

«አንተ! ምን ሆነሃል? ስጠኝ!» ብላ ምላጩን ልትቀማው ተንደረደረች። አልለቀቀም። ኮቱን ከጥርሱ አወጣና ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አንሶላውን አየ፣ ካልሲውን አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

ያኔ ገባት። አዲሱን ስም እንዳይሰማ ስትጠነቀቅ፣ በር ላይ ሰው ስትቆጣ፣ «ነበር» የሚለውን ስታስደነግጥ፣ እሷ ራሷ ሳይሞት ከፍናው ኖሯል። ሌሎቹ ስሙን ብቻ ነው የወሰዱበት። ወለሉ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች፤ ከታመመ ጀምሮ ፊቱ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ሲበቃት እሱ በደማው እጁ ኮቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገና በአገጩ ወደ በሩ፣ ሙዚቀኞቹ ወደሚገቡበት፣ አመለከተ። አዲሱ ሰው ኮት እንደሌለው ሰምቷል። ሁሉንም ሰምቷል። «እሺ» አለ። እንደዚህ ያለች እሺ ሰምታ አታውቅም፤ ጠንካራ ነበረች፣ የዱሮ ትእዛዙን ትመስላለች። ማማከር አሁንም አልፈጠረበትም።

ጣቶቹን አጥባ ጠቀለለችለት። ሌላ ምላጭ አመጣችና ከቀኝ ጫፍ፣ ከ«ቹ» ጀመረች፤ እሱ ካቆመበት ቀጠለ። መሃል ላይ ሲገናኙ የመጨረሻዋን ክር ለእሱ ተወችለት። ከፈዩን ሁለት ቦታ ቀዶታል፤ ያንን ኮት ስትጠልፍ ኮከቧን ከሌሎቹ አተለቀቻት፣ ሁለተኛውን ቅድ ደግሞ «ግ» ዋጠችው። የጠለፈችውም መጋረጃውን ከፍታ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ እሱ እያየ ነው።

የመክፈቻው ምሽት አዳራሹ ሞላ። ጎረቤቷ ከአይበገሬ ጋር ቀረች፤ ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መብራቱ ጠፋ፣ ተመልሶ በራ፣ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ሕዝቡ «የማታ እንግዶች!» ብሎ አነበበ። ማንም አልሳቀም። እሷ አንገቷን አሰገገች። ከሁሉም ይልቅ የቀጭኑን ሰው ጀርባ ነው የምታየው። ከኮከቧ ሥር የ«በ»ን እግር ፈለገች። ከ«ዶ» በላይ የ«ቹ»ን ራስ ፈለገች። መብራቱ ወደ ጎን ሲዞር፣ ከፈይ ምሥጢሩን የሚያወጣው ያኔ ነውና፣ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። አንዲት ጭረት፣ አንዲት ጥላ እንኳ አልነበረችም። አክስቷ ብታይ ማስመሪያዋን ታስቀምጥ ነበር። በዕድሜዋ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ድራመሩ ቆጠረ፣ ዞሩ፣ ሳክስፎኑ ጮኸ፣ አዳራሹ አብሮ ጮኸ። እሷ ዘፈኑ ሳያልቅ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ነቅቶ ይጠብቃት ነበር። ጎረቤቷን ሸኝታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ?» አለ፤ ወደ ላይ የምትነሣዋ ናት።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። «ስምህ ከሥር ትንሽ ትንሽ ይታያል፣ እኔ ከሩቅ አየሁት» ብትለው ማን ያስተባብላታል? ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። እሱ ግን ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ምንም አይታይም» አለችው። «ሸፍኖታል።»

አይበገሬ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ከዚያ «እሺ» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

ያቺን እሺ አላወቀቻትም። ውሃ ሰጠችው፤ ውሃ አልነበረም። ትራሱን ገልብጣ አስተካከለችለት፤ ትራሱም አልነበረም።